ገንዘቤ ሰው እጅ ቀርቷል፤ ለአሰባሳቢ ድርጅት ልስጠው?

ጥያቄ

«የጽዳት ኬሚካሎችና ዕቃዎች በጅምላ አከፋፍላለሁ። በዱቤ የምሸጥላቸው 140 ደንበኞች አሉኝ፤ ሆቴሎች፣ ክሊኒኮች፣ ትምህርት ቤቶችና ቸርቻሪዎች ናቸው። የዓመት የዱቤ ሽያጬ 24 ሚሊዮን፣ ጥቅል ትርፌ 18 በመቶ ነው። የክፍያ ጊዜው 30 ቀን ቢሆንም ዛሬ ሰው እጅ ያለው ገንዘቤ 6 ሚሊዮን ደርሷል። ከዚህ ውስጥ 2 ሚሊዮኑ ቀኑ ገና አልደረሰም፤ 1.4 ሚሊዮኑ ከ1 እስከ 30 ቀን፣ 900 ሺው ከ31 እስከ 60 ቀን፣ 600 ሺው ከ61 እስከ 90 ቀን አልፎበታል፤ 1.1 ሚሊዮኑ ከ90 ቀን በላይ ሆኖታል። የሂሳብ ሠራተኛዬ አንዲት ናት፣ እሷም ፋታ የላትም። ሻጮቼ ገንዘብ መጠየቅ ያፍራሉ። አንድ ዕዳ አሰባሳቢ ድርጅት ሙሉ መዝገቡን ከሰጠሁት ከሚሰበስበው 15 በመቶ ብቻ እንደሚወስድ፣ ካልሰበሰበ ምንም እንደማልከፍል ነግሮኛል። ልስጠው? ደንበኞቼን ያስኮርፍብኝ ይሆን?»

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ ይስጡ፤ ሙሉ መዝገቡን ግን አይስጡ። ሰው እጅ ካለው 6 ሚሊዮን ውስጥ ዛሬ ለውጭ ድርጅት የሚገባው 1.7 ሚሊዮኑ፣ ማለትም 60 ቀን ያለፈው ነው። የቀረው በራስዎ ቤት የሚስተካከል ሥራ ነው። እሱ ሳይስተካከል የሚሰጡት መዝገብ ከነችግሩ ተመልሶ ይመጣብዎታል።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራው። «ካልሰበሰብን አትከፍሉንም» ሲባል ምንም የማያስከስር ውል ይመስላል። ነገር ግን 2 ሚሊዮኑ ቀኑ ገና አልደረሰም፤ ቀኑ በቅርቡ ካለፈው 1.4 ሚሊዮን ውስጥም ብዙው አንድ ስልክ ሲደወል የሚገባ ነው። ማንም ሳይደክምበት ከሚገባው ከዚህ ገንዘብ ከየ100ው 15 ይቆረጥብዎታል። መዝገቡ በሙሉ በእነሱ እጅ ማለፍ ከጀመረ ደግሞ ኮሚሽኑ ዛሬ ባለው 6 ሚሊዮን ላይ አይቆምም፤ በየወሩ በዱቤ የሚሸጡትን ሁሉ ይከተላል። የ24 ሚሊዮን 15 በመቶ 3.6 ሚሊዮን ነው። ጥቅል ትርፍዎ 4.32 ሚሊዮን ነው። ለኪራይ፣ ለደመወዝ፣ ለማጓጓዣና ለግብር የሚተርፍዎ 720 ሺህ ይሆናል ማለት ነው። ገንዘቡ በጊዜው እየገባ ንግድዎ ሊዘጋ ይችላል።

ድርጅቱ ያቀረበልዎ ሁለት የተለያዩ አገልግሎቶችን አንድ ላይ ጠቅልሎ ነው። አንዱ የዱቤ አስተዳደር ነው፦ የአዲስ ደንበኛ ማመልከቻ ማጣራት፣ የዱቤ ጣሪያ ማስላት፣ ኢንቮይስ (የሽያጭ ሂሳብ መጠየቂያ ሰነድ) በሰዓቱ መድረሱን ማረጋገጥ፣ የሂሳብ መግለጫ መላክ፣ ቀኑ ሲደርስ ማስታወስ፣ የገባውን ክፍያ ከኢንቮይስ ጋር ማገናኘት። ይህ በየቀኑ የሚሠራ የቢሮ ሥራ ስለሆነ ዋጋው በወር ቋሚ ክፍያ ወይም በደንበኛ ቁጥር መሆን አለበት። ሁለተኛው ዕዳ ማሰባሰብ ነው፦ መልስ መስጠት ያቆመን ባለዕዳ ማግኘት፣ መደራደር፣ ማስጠንቀቂያ መስጠት፣ ካስፈለገም ለጠበቃ ማስተላለፍ። ይህኛው ውጤቱ እርግጠኛ ስላልሆነ በኮሚሽን መክፈል ተገቢ ነው። ዕዳውን ራሱን በቅናሽ ገዝቶ ገንዘቡን ቀድሞ የሚሰጥ ድርጅትም አለ፤ እሱ ሦስተኛና የተለየ ነገር ነው። እንዲህ ዓይነት ሐሳብ ከቀረበልዎ ደንበኛው ሳይከፍል ቢቀር ኪሳራው በማን ላይ እንደሚወድቅ የሚለውን አንቀጽ ከሁሉ አስቀድመው ያንብቡ።

አሁን ወደ መዝገብዎ እንግባ። ከ30 ቀን በላይ ያለፈው ዕዳ 2.6 ሚሊዮን ነው። የሂሳብ ሠራተኛዎ ከሌላው ሥራ ለአንድ ሳምንት ትላቀቅና ይህንን ዝርዝር በደንበኛ ቅደም ተከተል፣ ከትልቁ ጀምራ ትደውል። ገንዘብ እንድትጠይቅ አይደለም የምትደውለው፤ ያልተከፈለበትን ምክንያት እንድታውቅ ነው። ለእያንዳንዱ ኢንቮይስ ከአምስቱ አንዱን ምክንያት ትጻፍ፦ ሰነድ አልደረሰንም ወይም ጎድሎናል፤ በዕቃው፣ በዋጋው ወይም በብዛቱ አንስማማም፤ ከፍለናል፤ አሁን ገንዘብ የለንም፤ ምክንያት አይሰጡም ወይም ስልክ አያነሱም። ከእያንዳንዱ ጎን የተናገረው ሰው ስም፣ ቀኑና የሰጠው ቃል ይጻፍ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የእርስዎ ቤት ስህተቶች ናቸው፤ የትኛውም አሰባሳቢ ድርጅት አይፈታቸውም። ሆቴሉ የግዢ ትዕዛዝ ቁጥር የሌለበትን ኢንቮይስ አይከፍልም፤ ክሊኒኩ 20 ጀሪካን አዝዞ 18 ስለደረሰው የጎደለው እስኪታረም ሙሉውን ይዟል፤ ትምህርት ቤቱ ባንክ ያስገባው ገንዘብ ስም ሳይጻፍበት «ያልታወቀ ገቢ» ተብሎ ተቀምጧል። እንዲህ ያለውን ፋይል ለአሰባሳቢ ቢሰጡት በሁለት ሳምንት ውስጥ «ክርክር ያለበት» ተብሎ ይመለሳል። በመሐል ደንበኛው የማያውቀው ሰው ደውሎ ያላጠፋውን ጥፋት ይጠይቀዋል። ደንበኛ የሚያስኮርፈው እንዲህ ያለው ጥሪ ነው። ዕዳ እንዳለበት የሚያውቅ ነጋዴ በትህትና ሲጠየቅ ብዙም አይቀየምም።

ስለዚህ ማንም ከመጠራቱ በፊት መዝገቡ ይጽዳ። ያልታወቀ ገቢ ተብለው የተቀመጡትን ገንዘቦች በሙሉ ባለቤታቸውን ፈልጋችሁ ከኢንቮይሳቸው ጋር አገናኙ፤ የየትኛው ኢንቮይስ ክፍያ እንደሆነ ካልታወቀ ቢያንስ በየደንበኛው ስም ይቀመጥ። የተመለሰ ዕቃና የዋጋ ስህተት ካለ የማስተካከያ ሰነዱ ዛሬውኑ ይውጣ። የእያንዳንዱ ደንበኛ ሕጋዊ ስም በንግድ ፈቃዱ ላይ እንዳለው ይስተካከል፤ ሻጮች በለመዱት ስም የተከፈተ ሂሳብ ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ማንን እንደምትከስሱ እንኳ ያሳጣችኋል። ከዚያ ለሁሉም ደንበኛ የሂሳብ መግለጫ ይላክና ልዩነት ካለ በ10 ቀን ውስጥ እንዲያሳውቅ ይጠየቅ። መግለጫውን ፈርሞና ማኅተም አድርጎ የመለሰ ደንበኛ ዕዳውን አምኗል። ይህ ወረቀት በኋላ ከማንኛውም ደብዳቤ የበለጠ ይጠቅማል፤ በብዙ አገሮች ሕግ የይርጋን ጊዜ (ዕዳ በፍርድ ቤት ሊጠየቅ የሚችልበትን የጊዜ ገደብ) እንደ አዲስ የሚያስቆጥረውም በጽሑፍ የተሰጠ የዕዳ እምነት ወይም ከፊል ክፍያ ነው።

ሥራውን ስለ መከፋፈል። ቀኑ ያልደረሰውና እስከ 60 ቀን ያለፈው 4.3 ሚሊዮን በእርስዎ ቤት ቢያዝ ይሻላል፤ ምክንያቱም ሥራው እንደሚፈሩት ብዙ አይደለም። ከ140ው ደንበኞች 60ዎቹ በወር ሦስት ሦስት ጊዜ ቢደወልላቸው፣ እያንዳንዱ ጥሪ ከማስታወሻው ጋር 10 ደቂቃ ቢወስድ፣ ድምሩ 30 ሰዓት ነው። አንድ ሰው በወር ውስጥ ከአንድ የሥራ ሳምንት ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ጠዋት ጠዋት ሁለት ሰዓት ለዚህ ብቻ የተመደበ ሠራተኛ ካለዎት ይበቃል፤ ከሌለዎት በግማሽ ቀን የሚሠራ ሰው ቢቀጥሩ የሚያወጡት ደመወዝ ከዱቤ አስተዳደር ቋሚ ክፍያው ጋር ይነጻጸር። የድርጅቱ ቋሚ ክፍያ ከአንድ ሠራተኛ ሙሉ ወጪ፣ ማለትም ከደመወዝ፣ ከጡረታ መዋጮ፣ ከስልክና በዕረፍት ጊዜ ከሚተካው ሰው ወጪ ካነሰ ለእነሱ መስጠቱ ያዋጣል። ከሰጡም ጥሪው በእርስዎ ድርጅት ስም ይሁን፤ ደንበኛው የሂሳብ ክፍልዎ እንደደወለለት ያህል ይሰማው።

በእጅዎ ለሚቀረው ክፍል የክትትል ቀኖቹ የተቆረጡ ይሁኑ። ትልልቅ ኢንቮይሶች ቀናቸው ሊደርስ 7 ቀን ሲቀረው ተደውሎ ሰነዱ ደርሶ መጽደቁ ይጠየቅ፤ ከሁሉም ጥሪዎች ብዙ ገንዘብ የሚያመጣው ይህ ነው፣ የጎደለ ሰነድ ካለ ገና ጊዜ እያለ ይታወቃልና። ባለፈ በ3ኛው ቀን አጭር መልእክት፣ በ10ኛው ቀን ስልክ፣ በ20ኛው ቀን ደብዳቤ ይሂድ። በ30ኛው ቀን አዲስ ትዕዛዝ በዱቤ መስጠት ይቁም። በ45ኛው ቀን በባለቤቱ ስም የተጻፈ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ይላክ፤ በውስጡ የዕዳው መጠን፣ የኢንቮይስ ቁጥሮቹ፣ የመክፈያው የመጨረሻ ቀንና ካልተከፈለ ጉዳዩ ለአሰባሳቢ ድርጅት እንደሚተላለፍ በግልጽ ይጻፍ። በ60ኛው ቀን ይተላለፍ። የሚያስጠነቅቁትን በቀኑ የማያደርጉ ከሆነ ባያስጠነቅቁ ይሻላል፤ ደንበኞች ቀኑ ሲያልፍ ምንም እንደማይሆን ቶሎ ይማራሉ።

የዱቤ ጣሪያ የመወሰን ሥልጣን ግን በማንኛውም ሁኔታ ለውጭ ድርጅት አይተላለፍ። ድርጅቱ መረጃ አሰባስቦ ምክር ሊሰጥዎ ይችላል፤ ውሳኔው የእርስዎ ነው። በኮሚሽን የሚሠራ ድርጅት የሚጠቀመው ዕዳው ሲበዛ ነው፤ እርስዎ የሚጠቀሙት ሲያንስ ነው። ክርክር ያለበትን ሂሳብ መፍታትም የእናንተ ሥራ ሆኖ ይቅር፤ የጎደለውን ጀሪካን የሚያውቀው የእናንተ መጋዘን ነው። ለእያንዳንዱ ክርክር አንድ ኃላፊና 5 የሥራ ቀን ይስጡት።

አሁን ስለ 1.7 ሚሊዮኑ። እዚህ ላይ 15 በመቶ ውድ ዋጋ አይደለም፤ ዕድሜው ለገፋ ዕዳ ከዚያ በላይ ቢጠየቁም አይደንግጡ። ዕዳ ባረጀ ቁጥር ባለዕዳው አድራሻ ይቀይራል፣ ዕቃውን የተረከበው ሠራተኛ ይለቃል፣ ሰነድ ይጠፋል፤ ስለዚህ አሰባሳቢው የበለጠ ይደክማል። ውሉ ላይ ኮሚሽኑ በዕድሜ ይከፋፈል፦ ከ61 እስከ 90 ቀን ላለው ዝቅ ያለ፣ ከ90 ቀን በላይ ላለው ከፍ ያለ፣ አንድ ዓመት ላለፈው ከሁሉም የላቀ።

ድርጅቶችን ሲያወዳድሩ የኮሚሽኑን መቶኛ ብቻ አይዩ። እጅዎ የሚገባውን ይዩ። አንዱ ድርጅት 12 በመቶ ጠይቆ ከሰጡት 1.7 ሚሊዮን 30 በመቶውን ቢሰበስብ 510 ሺህ ሰብስቦ 61,200 ይወስድና 448,800 ይሰጥዎታል። ሌላው 20 በመቶ ጠይቆ 40 በመቶውን ቢሰበስብ 680 ሺህ ሰብስቦ 136 ሺህ ይወስድና 544 ሺህ ይሰጥዎታል። ውዱ ድርጅት 95,200 ብልጫ አመጣ። አንድ ድርጅት «የማሰባሰብ ውጤታችን 80 በመቶ ነው» ካለዎት ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ በገንዘብ ነው ወይስ በፋይል ቁጥር? ሲረከብ ዕድሜው ስንት የነበረ ዕዳ ነው? በስንት ወር ውስጥ? የ20 ቀን ዕዳ እየተረከበ 80 በመቶ የሚሰበስብ ድርጅት ምንም የተለየ ነገር አልሠራም።

በተጨማሪ ከእነሱ ጋር የሚሠሩ ሁለት ሦስት ነጋዴዎች ያገናኙዎት። የእርስዎን ዓይነት ደንበኛ የሚያውቁ ይሁኑ፤ ከግለሰቦች የስልክ ወይም የብድር ዕዳ የሚሰበስብ ድርጅት ከሆቴል የሂሳብ ክፍል ጋር የሚነጋገርበት ቋንቋ ሌላ ነው። ደዋዮቹ የሚጠቀሙበትን የንግግር መመሪያና የደብዳቤዎቻቸውን ናሙና ይጠይቁ። አንድ ሠራተኛቸው ስንት ፋይል እንደሚይዝ ይጠይቁ፤ ሺህ ፋይል የያዘ ሰው የእርስዎን ትንንሽ ዕዳዎች ከአንድ ደብዳቤ በላይ አይነካቸውም። ፈቃድ የሚያስፈልግበት አገር ከሆነ ፈቃዱን በዓይንዎ ይዩ።

ውሉን ከመፈረምዎ በፊት ቀስ ብለው ያንብቡት፤ ጠቡ ሁሉ የሚነሳው ከዚያ ነው። የመጀመሪያው አንቀጽ ኮሚሽን የሚቆረጠው በምን ላይ እንደሆነ የሚናገረው ነው። እጅ በገባ ገንዘብ ላይ ብቻ ይሁን። ደንበኛው ዕቃ ቢመልስ ወይም እርስዎ የዋጋ ስህተት አርመው ማስተካከያ ሰነድ ብታወጡ ያ እንደ ተሰበሰበ አይቆጠር። ፋይሉ ከተላለፈ በኋላ ደንበኛው በቀጥታ ለእርስዎ ቢከፍል ኮሚሽኑ ለድርጅቱ መከፈሉ ተገቢ ነው፤ ግፊቱ የእነሱ ነውና። ነገር ግን ፋይሉ በተላለፈ በመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት ውስጥ የገባ ገንዘብ ቀድሞ መንገድ ላይ የነበረ ስለሆነ ከኮሚሽን ነጻ ይሁን ብለው ይደራደሩ። ፋይል መክፈቻ፣ ደብዳቤ መላኪያ፣ አድራሻ ማፈላለጊያ እየተባለ የሚጠየቅ ተጨማሪ ክፍያ ካለ በዝርዝር ይቀመጥ፤ ያልተዘረዘረ አይከፈልም ተብሎም ይጻፍ።

ሁለተኛው የገንዘቡ መንገድ ነው። የሚመረጠው ደንበኛው በቀጥታ በእርስዎ የባንክ ሂሳብ እንዲከፍልና ድርጅቱ በወሩ መጨረሻ ኮሚሽኑን በኢንቮይስ እንዲጠይቅ ነው። ድርጅቱ ገንዘቡን ራሱ ልቀበል ካለ፣ ከራሱ መሥሪያ ገንዘብ የተለየ የደንበኞች አደራ ሂሳብ ሊኖረው ይገባል፤ በየሳምንቱ ያስተላልፍ፣ ከእያንዳንዱ ዝውውር ጋርም በኢንቮይስ ቁጥር የተዘረዘረ ማስረጃ ይላክ። አሰባሳቢው ራሱ ቢከስር ተቀላቅሎ የተቀመጠ ገንዘብዎን ከአበዳሪዎቹ ጋር ተሰልፈው ሊጠብቁት ይችላሉ።

ሦስተኛው የድርድር ሥልጣን ነው። ድርጅቱ ያለ እርስዎ የጽሑፍ ፈቃድ ዕዳ መቀነስ፣ ዕቃ በክፍያ ምትክ መቀበል ወይም ክስ መመሥረት አይችልም ተብሎ ይጻፍ። ትንሽ ነጻነት ግን ይስጡት፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሁለት ቀን መልስ የሚጠብቅ ደዋይ ስልኩ ላይ ያለውን ባለዕዳ ያጣዋል። ለምሳሌ እስከ 3 ወር የሚደርስ የክፍያ መርሐ ግብር፣ የመጀመሪያው ክፍያ ቢያንስ 30 በመቶ ሆኖ፣ በራሱ እንዲያጸድቅ ቢፈቅዱለት ሥራው ይፈጥናል። አራተኛው ፋይል ማስመለስ ነው፦ በ30 ቀን ማስታወቂያ ያለ ቅጣት መውሰድ ይቻል፤ ደንበኛው መርሐ ግብር ገብቶ እየከፈለ ካለ ብቻ ኮሚሽኑ ይቀጥላል። ሥራውን ለሦስተኛ ወገን አሳልፎ መስጠት ይከልከል። የደንበኞች መረጃ ውሉ ሲያልቅ ተመልሶ ከእነሱ ዘንድ እንዲሰረዝ ይጻፍ።

የአነጋገር ሥርዓቱም በውሉ ውስጥ ይግባ፤ በእርስዎ ስም የተነገረ ክፉ ቃል በእርስዎ ላይ ይቀራልና። በሥራ ሰዓት ብቻ መደወል፣ ስለ ዕዳው ከሚመለከተው ሰው በቀር ለማንም አለመናገር፣ ጠበቃ ወይም የመንግሥት አካል መስሎ አለመቅረብ፣ የማይደረግ ክስ አለማስፈራራት፣ ጥሪዎችን ቀድቶ ማስቀመጥ። ስንት ጊዜ ቢደወል ይበዛል ለሚለው መነሻ ከፈለጉ፣ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የዕዳ አሰባሰብ ሕግ ማስፈጸሚያ የሆነውና በ2021 ሥራ ላይ የዋለው ደንብ አለ። ደንቡ ስለ አንድ ዕዳ በ7 ቀን ውስጥ ከ7 ጊዜ በላይ መደወልን እንደ ማዋከብ ይገምታል። ሕጉ የተጻፈው ለግለሰብ ዕዳ እንጂ ለንግድ አይደለም፤ ለንግድ ደንበኛ በሳምንት ሁለት ጥሪ በቂ ነው እንላለን። በየወሩ አምስት ቅጂዎችን ራስዎ መርጠው ያዳምጡ፤ እነሱ የመረጡትን አይደለም።

እያንዳንዱ ፋይል ሲተላለፍ አብረውት የሚሄዱት ሰነዶች የተፈረመው የዱቤ ውል ወይም ማመልከቻ፣ የግዢ ትዕዛዙ፣ ኢንቮይሶቹ፣ ዕቃ የተረከበው ሰው ስምና ፊርማ ያለበት የማስረከቢያ ሰነድ፣ የሂሳብ መግለጫው፣ የተላኩት ደብዳቤዎችና ከጥሪዎቹ የተያዙት ማስታወሻዎች ናቸው። ከዚህ ሌላ ክፍያ የሚያዘጋጀው ሰውና ክፍያ የሚፈቅደው ሰው ስልክ ለየብቻ ይጻፍ። የተፈረመ ማስረከቢያ የሌለው ፋይል መጀመሪያ እሱ ይፈለግለት።

ከተላለፈ በኋላ አንድ ነገር በየቀኑ መደረግ አለበት፦ ትናንት የገባው ክፍያ ዝርዝር እስከ ጠዋቱ የሥራ መጀመሪያ ድርጅቱ ዘንድ ይድረስ። ይህ ለሁለት ቀን ቢቋረጥ የከፈለ ደንበኛ «ዕዳህን ክፈል» ተብሎ ይደወልለታል። እርስዎ ከሁሉ አብልጠው የሚፈሩት ቅሬታ በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህች ክፍተት ነው። የሂሳብ ሠራተኛዎ በሌለችበት ቀን ማን እንደሚልከው ከአሁኑ ይወሰን።

ለደንበኞች የሚላክ ማሳወቂያም ያስፈልጋል፣ ጥሪው ከመጀመሩ ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ፣ በእርስዎ ፊርማ። እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «ከ60 ቀን በላይ የቆዩ ሂሳቦቻችንን ክትትል ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በወኪልነት ለሚሠራልን ድርጅት ሰጥተናል። የድርጅቱ ስምና የስልክ ቁጥሩ ከዚህ በታች ተገልጿል። የምትከፍሉበት የባንክ ሂሳባችን አልተለወጠም። በሂሳቡ ላይ ቅሬታ ካላችሁ እንደተለመደው ለእኛ ሂሳብ ክፍል አሳውቁ።» የባንክ ሂሳቡ አለመለወጡን የምናስጽፈው በምክንያት ነው፤ «አዲሱ የባንክ ሂሳባችን» የሚል ደብዳቤ የአጭበርባሪዎች የታወቀ መንገድ ስለሆነ ጠንቃቃ ደንበኛ ሲያየው ክፍያ ያቆማል፣ ቸልተኛው ደግሞ አንድ ቀን ለሐሰተኛው ይከፍላል።

ሻጮችዎ ገንዘብ መጠየቅ ያፍራሉ ብለዋል። ጉርሻቸው ሲሸጡ የሚከፈላቸው ከሆነ ይህ ሐፍረት አይለቅም፤ ገንዘቡ ሲገባ ይከፈላቸው። የተላለፈ ፋይል ካለው ደንበኛ ጋር ስለ ክፍያ እንዳይነጋገሩም በጥብቅ ይንገሯቸው። «ለአሰባሳቢዎቹ አትክፈል፣ እኔ ከአለቃዬ ጋር እጨርስልሃለሁ» የሚል አንድ ቃል የሁለት ወር ሥራ ያፈርሳል። የቆመን ዱቤ መልቀቅ የሚችል ሰው አንድ ብቻ ይሁን፣ እሱም በጽሑፍ።

ውጤቱን በሦስት ቁጥር ይከታተሉ። አንዱ ገንዘቡ በአማካይ ስንት ቀን ሰው እጅ እንደሚቆይ ነው፦ ተሰብሳቢ ሂሳብ (ሰው እጅ ያለው ገንዘብ) ለዓመት የዱቤ ሽያጭ ተካፍሎ በ365 ይባዛል። የእርስዎ 6 ሚሊዮን ለ24 ሚሊዮን ተካፍሎ 91 ቀን ነው፤ የፈቀዱት 30 ነበር። አንድ ቀን ሲቀንስ ወደ 66 ሺህ የሚጠጋ ገንዘብ ይለቀቃል፤ 55 ቀን ቢደርሱ ወደ 2.4 ሚሊዮን የሚጠጋ ገንዘብ ወደ ካዝናዎ ይመለሳል። ይህ ቁጥር ግን ያታልላል፤ በወሩ መጨረሻ ትልቅ ሽያጭ ከተደረገ ማንም ሳያጠፋ ከፍ ይላል። ስለዚህ ሁለተኛውን አብረው ይያዙ። በወሩ መጀመሪያ የነበረው ተሰብሳቢና የወሩ ሽያጭ ይደመራሉ፤ ከዚህ ድምር በወሩ መጨረሻ የቀረው ተሰብሳቢ በሙሉ ሲቀነስ የተሰበሰበውን ይሰጥዎታል። ከዚያው ድምር ቀኑ ያልደረሰው ብቻ ሲቀነስ ሊሰበሰብ ይችል የነበረውን ይሰጥዎታል። የመጀመሪያው ለሁለተኛው ይካፈል። በ6 ሚሊዮን ጀምረው፣ 2 ሚሊዮን ሸጠው፣ በ5.6 ሚሊዮን ቢጨርሱና 2 ሚሊዮኑ ቀኑ ያልደረሰ ቢሆን፣ 2.4 ለ6 ተካፍሎ 40 በመቶ ነው። ምንም ሳይሻሻል በ6 ሚሊዮን ቢጨርሱ 33 በመቶ ይሆን ነበር። ሦስተኛው፣ እከፍላለሁ ብለው ቃል ከገቡት ውስጥ በቀኑ የከፈሉት ድርሻ ነው፤ ቃሉ እየበዛ ክፍያው ካልተከተለ ደዋዩ ፋይሉን እየዘጋ እንጂ ገንዘብ እየሰበሰበ አይደለም።

ከ90 ቀን በላይ ስለሆነው 1.1 ሚሊዮን አንድ ነገር እንጨምር። ፋይሉ ለአሰባሳቢ ሲተላለፍ ዕዳው ከመዝገብዎ አይወጣም፤ ያው የእርስዎ ተሰብሳቢ ሂሳብ ነው። ላይሰበሰብ ለሚችለው ክፍል መጠባበቂያ፣ ማለትም በሂሳብ መዝገብ አስቀድሞ የሚቆጠር ኪሳራ፣ መያዝ አለበት። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ 9 ኪሳራው እስኪደርስ ሳይጠበቅ የሚጠበቀውን ኪሳራ በዕዳው ዕድሜ ልክ አስቀድሞ መያዝን ይጠይቃል። ከዝርዝሩ ውስጥ በይፋ የከሰረ ድርጅት ካለ ለአሰባሳቢ አይስጡት፤ ኮሚሽን ከመክፈል በሕግ ለተሾመው ንብረት አጣሪ የይገባኛል ጥያቄዎን በቀነ ገደቡ ያስገቡ። ከእያንዳንዱ ፋይል ላይ የመጨረሻው ክፍያ ወይም የዕዳ እምነት የተሰጠበት ቀን ይጻፍና ይርጋው ሊሞላ የተቃረበው በቀጥታ ወደ ጠበቃ ይሂድ።

ለድርጅቱ የሚሰጡት መልስ እንግዲህ ይህ ነው፦ «ከ60 ቀን በላይ የሆናቸውን፣ ክርክር የሌለባቸውንና ሰነዳቸው የተሟላ ፋይሎችን ለ90 ቀን ሙከራ እንሰጣችኋለን። ኮሚሽኑ በዕዳው ዕድሜ ይከፋፈል፤ ክፍያው በእኛ የባንክ ሂሳብ ይግባ፤ በ30 ቀን ማስታወቂያ ፋይል የማስመለስ መብት ይኑረን።» ከእነዚህ ፋይሎች ግማሹን በዕጣ ለእነሱ፣ ግማሹን ለራስዎ ሠራተኛ ይስጡና በ90ኛው ቀን ከኮሚሽንና ከደመወዝ በኋላ የቀረውን ያነጻጽሩ። ዕጣ ሳይጣል አስቸጋሪዎቹን ሁሉ ለእነሱ ከሰጡ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም። ከሁሉ ትልልቆቹን አምስት ባለዕዳዎች ግን ከዕጣው ያውጧቸው፤ እነሱን ራስዎ ቢሯቸው ሄደው ያነጋግሯቸው።